ሪሌ ወንበር ሲገጥም

የእህቴን ባል ሠፈሩ ሁሉ ሪሌ ይለዋል። ሪሌ መኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ የምታሳልፍ ትንሽ ሳጥን ናት፤ አንዴ ቀጭ ትላለች፣ ከዚያ በኋላ ድምጿ አይሰማም። እሱም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ጎማ ስለምጠግን ዝምታውን ከጠዋት እስከ ማታ በነፃ እጠጣለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው ከሪሌ ጋር ምሳ በልቶ አያውቅም።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከድልድዩ ማዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ሪሌ በአሮጌው ፒክአፕ ያደርሳት ነበር። ፒክአፑ ቁመቱ የጭነት መኪና ያህላል፤ ክላክሱ አይሠራም፣ የኋላ መብራቱም የሚበራው ሲያሰኘው ነው። የሰው መኪና ሲያበራ የሚውል ሰው ለራሱ የሚተርፈው ነገር የለም። እህቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ ግን ጋቢናው ላይ መውጣትም መውረድም አቃታት። ሪሌ ምን አደረገ? አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ በር ላይ፣ ትንፍሽ ሳይል፣ ብብቷ ሥር ገብቶ አንጠልጥሎ አወረዳት። ጎረቤት ነጋዴዎች ቆመው ከንፈራቸውን መጠጡ። ክር የምትሸጠዋማ "እኔን! እኔን!" አለች።

እህቴ ስትሰደብ መልስ አታጣም። ከንፈር ሲመጠጥላት ግን የምትለው የላትም። ቤት ገብታ፣ "ሁለተኛ እዚያ መኪና ላይ አልወጣም" አለች።

"እትዬ፣ ሊረዳሽ ብሎ እኮ ነው" አልኳት።

"ጆንያ እንኳ ሲወርድ ባለቤቱ ይጠየቃል።"

ታክሲ እንዳትሳፈር፣ ያንን ግፊያ ደህና ዳሌ ያለውም አይችለውም። ስለዚህ ቤት ዋለች። የሰፋችውን መጋረጃ ተርትራ እንደገና ስትሰፋ አይቻታለሁ። በመጨረሻ ሱቁን ላከራያት ባለቤት ደውላ፣ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ቁልፉን እንዲረከባት ነገረችው። ያን ሱቅ የከፈተችው ሪሌን ሳታገባ ነው። ያለ መቀሷና ያለ ደንበኞቿ እህቴ ምን እንደምትሆን ስለማውቅ ፈራሁ። ሪሌም ሰምቷል።

በማግስቱ የተጋጩ መኪኖች ከሚፈቱበት ግቢ አንድ ወንበር ተሸክሞ መጣ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ወንበር።"

"የምን?"

"የጋቢና።"

ለሪሌ ይህ ንግግር ማድረግ ነው።

ወንበሩ ቆዳ የለበሰ፣ የሀብታም መኪና ወንበር ነበር። ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት በኤሌክትሪክ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ሥሩ ሞተሮች ተደርድረዋል፤ ከሞተሮቹ መሀል የሽቦ መዓት ተንጠልጥሏል። ሪሌ ኤሌክትሪክ በሚለካው ቴስተር አንድ በአንድ ፈተሻቸው። ቢጫዎቹን በፕላስተር ጠቅልሎ ወደ ጎን አሰራቸው፤ መኪና ሲጋጭ የሚፈነዳው የኤርባግ ናቸው፣ ከእነሱ ጋር ቀልድ የለም። የፈለገው ወፋፍራሞቹን፣ ቀዩንና ጥቁሩን ነበር። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ ስቦ በመኪናው ሞተርና በጋቢናው መካከል ባለው ቀዳዳ አሳለፈ፤ ብረቱ ሽቦውን እንዳይበላው ቀዳዳውን ጎማ አለበሰው። ባትሪው አጠገብ ኤሌክትሪክ ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጥ ፊውዝ አስገባ፣ እሱም ትንሽዬ። ሪሌ በዚህ ዓለም ላይ አንድ አቋም ብቻ ነው ያለው፤ ትልቅ ፊውዝ የሚያስገባ ሰው ቤቱን የሚያቃጥል ሰው ነው። ከዚያ ራሱ ተቀመጠበትና ቁልፉን ተጫነ። ወንበሩ እያቃሰተ ወጣ፣ እያቃሰተ ወረደ። ሪሌ አፉን ሳይከፍት ፈገግ አለ። እኔም እየሮጥኩ ሄጄ እህቴን ጠራኋት።

እህቴ ከዘራዋን ይዛ መጣች፤ መኪናው አጠገብ ቆመች። እኔና ሪሌ ስናየው የዋልነው ነገር ያኔ ነው የገባን። ባለ ሞተር ወንበር ከተራ ወንበር ይወፍራል። ሪሌ ያንን ግንድ በድሮው ወንበር እግር ላይ ነው የጫነው። ወንበሩ መጨረሻው ድረስ ዝቅ ብሎ እንኳ ከድሮው በስንዝር ይበልጣል። ድሮ ወገቧ ጋ የነበረው መቀመጫ አሁን ደረቷ ጋ ደርሷል።

"ለማን ነው?" አለች።

"ላንቺ።"

"እኔ ሰው ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አውቃለሁ?"

ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም ዞረው ሲያዩኝ የምጠግነው ጎማ እንዳለ ትዝ አለኝ።

ጥላን ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አወረደች፤ ቁመቷን እስከ ዳሌዋ ለካች፣ ቀጥሎ ወንበሩን ለካች። "እስከዚህ ይውረድ። እዚህ ጋ ደግሞ እግር መርገጫ" አለችና በልብስ ማስመሪያ ጠመኔዋ በሩ ላይ አሰመረችለት። ሪሌ ራሱን ነቀነቀ። የድሮውን እግር ቆርጦ ጣለ፣ ወንበሩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ በየደው፣ ከበሩ ሥርም መርገጫ አበጀ።

ሰኞ ጠዋት እህቴ መርገጫውን ረገጠች፣ የበሩን እጀታ ጨበጠችና ወጥታ ተቀመጠች። ማንም አልነካትም። እኔ ከኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው አልኩ። እሷ ግን ደስታው አናቷ ላይ ወጣና ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ አንድ ላይ ተጫነችው። ወንበሩ ወደ ላይም፣ ወደፊትም፣ ወደኋላም እየሄደ ራሷን ከጣሪያው ሊያጋጨው ሲል ጸጥ አለ። ሞተሮቹ በአንዴ ሲስቡ ያቺ ትንሽዬ ፊውዝ ተቃጥላለች። መለዋወጫ ፊውዝ እዚያ መኪና ውስጥ እንደማይገኝ መናገር አያስፈልግም።

ሪሌ ቀና ብሎ አያት።

"ንዳው!" አለች አንገቷን አቀርቅራ። "የሱቁ ሰውዬ እየጠበቀኝ ነው።"

ነዳው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ፣ "ከዚህ ሆኖ ወደ ታች ሲያዩ፣ እዚህ አገር ይህን ያህል መላጣ መኖሩን አላውቅም ነበር" ስትል ሰማኋት።

ሱቁ በር ላይ የሱቁ ባለቤት ቆሟል፤ አጠገቡ ሱቁን ሊከራይ የመጣ ጫማ ነጋዴ አለ። ክር ሻጯም ከንፈሯን አዘጋጅታ ወጥታለች። ሪሌ ወርዶ የጋቢናውን በር ከፈተ። ከዚያ ከፍታ የእህቴ እግር መርገጫው ላይ አይደርስም። የሪሌ እጆች እንደ ልማዳቸው ወደ ብብቷ ተነሱ። ከዚያ አየር ላይ ቆሙ፤ ወረዱም። ዞር ብሎ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመኪና ዕቃ መሸጫ አየ፤ ክፍት ነው።

"ፊውዝ ገዝቼ ልምጣና በራስሽ ትወርጃለሽ፣" አለ፣ "ወይስ ላውርድሽ?"

እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ጥያቄማ ጭራሽ። እህቴ መሸጫውን አየች። ሰዉን አየች። በመጨረሻ እሱን አየችው።

"አውርደኝ" አለች። እጇንም ራሷ ትከሻው ላይ ጣለች።

አወረዳት። ክር ሻጯ ያዘጋጀችውን ከንፈር ሳትመጠው ወደ ክሯ ተመለሰች። የሱቁ ባለቤት ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እህቴ ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣች፣ የሱቋን በር ከፈተችበት፣ መልሳም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።