ነጥብ የጎደለው ብር

በጣሊያን ጊዜ መቱ ላይ ብር በመለየት የሚስተካከለኝ አልነበረም። የሶር ፏፏቴ አጠገብ ቆሜ እንኳ ሐሰተኛውን ጠገራ ብር በድምፁ እለየው ነበር። በቅሎዬን የቀማኝ የጣሊያን ሻምበል ይህንኑ ሰምቶ ጎሬ አስጠራኝ። ፊቱ ያለቀ ትንሽ ጥንታዊ ብር ሰጠኝና በአስተርጓሚው፣ "የማን እንደሆነ ለይተህ ዋጋውን ገምትልኝ፤ በቅሎህን እመልስልሃለሁ" አለኝ።

እኛ ገበያ ደግሞ፣ ጠገራው ላይ የተሳለችው ሴትዮ የደረት ጌጧ ዘጠኝ ነጥቦች ተቆጥረው ካልሞሉ ብሩን የሚቀበል የለም። የሻምበሉ ብር አንድም ነጥብ አልነበረውም። መቱ ይዤው ስመለስ ቡና ነጋዴው ሐጂ አዩትና ሳቁ።

"አንተ ሰው፣ ይሄ እኮ ወንድ ይመስላል!"

"እርጅና ነው ሐጂ፤ ሴትም ስታረጅ እንዲህ ትሆናለች" ብዬ በምስማር ዘጠኝ ነጥብ ደረቷ ላይ ተከልኩላት። በአመድ ፈትጌም እንደ መስታወት አበራኋት።

ጎሬ ወስጄ ስሰጠው፣ ሻምበሉ በማጉያ መነጽር ሲያያት ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"ይህ የአክሱም ንጉሥ ነበር!" ብሎ ጮኸ።

እኔ ምን ተዳዬ! "ጌታዬ፣ ንጉሥ ሳሉማ መቱ ገበያ የሚቀበላቸው አልነበረም፤ እመቤት ካደረግኳቸው ወዲህ ግን ማንም አይመልሳቸውም። በሉ፣ በቅሎዬን!"