እጃቸው መወርወሪያው ላይ ሳለ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ካለ አንድ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። አከራያችን ሙዳይና ሰፌድ እየሰፉ የሚኖሩ የከተማው ተወላጅ፣ ዘይነባ የሚባሉ እስላም ባልቴት ነበሩ። የሐረር ሰው እናቱን «አይ» ብሎ ስለሚጠራ እኔና ታናሽ ወንድሜ ታደሰም አይ ዘይነባ እንላቸው ነበር።

ያኔ ምሽት ማለት ለእኛ የእሳቸው ቤት ነበር። የመግሪብ ሶላታቸውን እስኪጨርሱ ደጃፍ ላይ ቆመን እንጠብቅና ሲጠሩን ጫማችንን አውልቀን እንገባለን። ውስጡ በቀይ አፈር የተለሰነ ነው፤ ነደባ የሚሉት ሰፊ መደብ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዘልቃል። እኛ እዚያ ላይ እንወጣለን፣ እሳቸው ከታች የሸክላ ምድጃቸው አጠገብ ይቀመጣሉ። የኩራዙ ጭስ ወደ ጣሪያው እየተጥመለመለ ይወጣል፣ ፍሙ ሲተነፍሱበት ይቀላና መልሶ አመድ ይለብሳል፣ የእሳቸውም ፊት አብሮት ይበራል፣ ይጠፋል።

ብዙ ተረት ያውቁ ነበር። እኛ የምንለምናቸው ግን አንዱን ብቻ ነው።

የከተማው በሮች ከተዘጉ በኋላ፣ ይሉን ነበር፣ የሰው ድምፅ የሚሰርቅ ነገር በየጠባቡ መንገድ ይዞራል። ስም የለውም። ቀንድ ይኑረው ጥርስ ይኑረው አልነገሩንም። ደጅ ላይ ይቆምና ከዚያ ቤት የራቀውን ሰው ድምፅ አውጥቶ ይጣራል። ልጇ ሩቅ አገር የሄደባት አንዲት እናት ነበረች። አንድ ምሽት «አይ፣ ክፈቺልኝ፣ በረደኝ» የሚል ሰማች። ድምፁ የልጇ ነው። ከድምፁ በኋላ የመጣው ሳል ግን የልጇ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሳል ሰምታ አታውቅም። ተነሳች። በጨለማው ውስጥ ግድግዳውን እየዳበሰች ሄደች። እጇን የበሩ መወርወሪያ ላይ አሳረፈች።

እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሁልጊዜም እዚሁ ነው የሚያቆሙት። «ለዛሬ ይብቃን፣ እናታችሁ ትጠብቃችኋለች» ብለው እሳቱን አመድ ያለብሱታል።

ከእሳቸው በር እስከ እኛ በር ያለው መንገድ አጭር ነበር፤ ያኔ ግን ግቢው ሁሉ ይሰፋብናል። ታደሰ ከበሩ ጀርባ ያለው የጅብ ራስ ያለው ሰው ነው ይላል። እኔ አንድ ቀን ፊት የሌለው፣ ሌላ ቀን ፊቱ የአባቴን የሚመስል አድርጌ እሥለዋለሁ፤ ሁለተኛው ይብስብኛል። ዛሬ የሚያስፈሩ ታሪኮችን ጽፌ የምኖር ሴት ነኝና ይህን ከየት እንደምታመጪው ንገሪን የሚሉኝ አሉ። ያንን ግቢ ባሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ዓመት አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ሲኒማ የሚያሳይ መሣሪያ አስመጣ። እናቴ የሰይጣን ሥራ ነው ብላ አማተበችና ቀረች፤ አባቴ ግን እኔንና ታደሰን ይዞን ሄደ። ከግንቡ ውጭ ባለው የነጋዴው መጋዘን ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮ ነበር። ፀሐይ እንደገባች መሣሪያው መንጣጣት ጀመረ፣ ጨርቁ ላይ አንዲት ፈረንጅ ሻማ ይዛ በትልቅ ባዶ ቤት ውስጥ ስትሄድ ታየች። ድምፅ የለም። አንድ የተዘጋ በር ፊት ደርሳ እጇን ስትዘረጋ ይህን በር አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ።

በሩ ተከፈተ። ፀጉራም፣ ጥርሱ የገጠጠ ፍጥረት ሙሉውን ጨርቅ ሞልቶ ቆመ። አግዳሚዎች ተገለበጡ፣ አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ ወታደር ሽጉጣቸውን ሲዳብሱ አባቴ እጃቸውን ያዘ፣ እኔም ኩታው ውስጥ ተደበቅሁ። ነጋዴው በዚህ ተደስቶ ያንኑ እንደገና አሳየን። በሁለተኛው ቀና ብዬ ሳይ አገጩ ሥር ፀጉሩ የተለጠፈበት ሙጫ ሲያብረቀርቅ ታየኝ። ሌላውም ሰው ሳያየው አልቀረም፣ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

ስንመለስ ታደሰ ጥርሱን እያወጣ እንደ አውሬው ይዘል ነበር። ሊዘጋ የደረሰውን የግንቡን በር አልፈን ወደ መንገዳችን ስንታጠፍ ግን ከአንዱ ቤት ግድግዳ ወዲያ ሰው ሳለ። ማን እንደሆነ አላየሁም። የአባቴን እጅ እስኪያመው ጨበጥኩት።

በማግስቱ ታደሰ ገና እንደመሸ ስለተኛ ለብቻዬ ወደ አይ ዘይነባ ሄድኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ስፌታቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝና በሩ ከተከፈተ በኋላ ሰው ምን እንዳደረገ ጠየቁኝ። ሳቅን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ፣ የተረትዎ እናትስ?» አልኳቸው። «ከበሩ ጀርባ ምን አገኘች?»

ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱ።

«ልጇን» አሉ። «ልጇን ነው ያገኘችው። ሌላ ምንም አልነበረም።»

ቅር አለኝ፤ የተሻለ ነገር ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ፣ ተረት ሲናገሩ የሚያወጡት ድምፅ ጠፍቶ ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሆነው። የኅዳር በሽታ በገባበት ዓመት የበኩር ልጃቸው ዩሱፍ ድሬዳዋ ነጋዴ ቤት ይሠራ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከዚያ ለሚመጣ ሰው ማንም በር እንዳይከፍት ለፍፈዋል። አንድ ምሽት ዩሱፍ ደጅ ላይ ቆሞ ተጣራ። ባላቸው ተኝተዋል፣ ሁለቱ ትንንሽ ሴት ልጆቻቸውም ተኝተዋል። ሳሉን ሰሙት። መወርወሪያውን ይዘው ቆሙ፣ ከዚያም ከፈቱ። ዩሱፍ ነበር፣ እንደ እሳት ይፋጃል። አስገቡት፣ እግሩን አጠቡት፣ እዚሁ ምድጃው አጠገብ አስተኙት። እሱ ዳነ። ሳምንቱ ሳይሞላ ባላቸው ሞቱ፣ ትልቋ ልጅ ተከተለች፣ ከዚያ ትንሿ። ዩሱፍም ሲድን ያንን ቤት መቋቋም አቃተው፤ ባሕር ተሻግሮ ኤደን ገባ፣ አልተመለሰም።

ለምን እስከ መጨረሻው እንደማይነግሩን የጠየቅኋቸው ገና ነገሩ በቅጡ ሳይገባኝ ነበር።

«እጄ መወርወሪያው ላይ ሳለ ሁሉም ነበሩ» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያ ያለው ለልጅ አይነገርም። ላንቺም መንገር አልነበረብኝም።»

«ዛሬ ቢመጣና ቢጠራዎትስ?»

«እከፍትለታለሁ» አሉ። «ልጄ አይደል?»

በሌላ ምሽት ታደሰ ያንኑ ተረት ለመናቸውና ምንም እንዳልተፈጠረ አድርገው ነገሩን። እናቲቱ ተነሳች፣ ግድግዳውን ዳበሰች፣ እጇን አሳረፈች። ታደሰ እንደ ልማዱ ምን ነበር፣ ምን ነበር እያለ ነዘነዛቸው። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ከበሩ ጀርባ ያለውን አውቄ እንኳ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ የፈራሁት ያን ምሽት ነው፤ እንዳይቀጥሉ በልቤ እለምናቸው ነበር።

ጣሊያን ሲመጣ ቤተሰባችን ከሐረር ወጣ፤ አይ ዘይነባንም ዳግመኛ አላየኋቸውም። እኔ ጭራቅ የሞላባቸው ታሪኮችን ጽፌ አንባቢ አስደንግጫለሁ፣ ድንጋጤው ግን ገጹ ሲገለጥ ያልፋል። የሚቀረውን ፍርሃት ስፈልግ አንድ የምንወደው ሰው እውነተኛ ድምፁን ይዞ ደጅ ላይ እንዲቆም አደርጋለሁ፣ ከዚያ ብዕሬ ይከብደኛል። ማቆሙ ቀላል ስለሆነ ሳይሆን መቀጠሉ ስለሚያስጨንቅ የሚቆም ታሪክ እንዳለ የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ያኔ ያላስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ። የእሳቸው ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ መደብ ነበር፤ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸውም ከእሱ ሌላ የሚተኙበት ስፍራ አልነበራቸውም። አይ ዘይነባም ያንን ተረት ሲነግሩን አንድም ጊዜ ወደ በሩ አልዞሩም። ዓይናቸው መደቡ ላይ፣ እኛ ላይ ነበር።