ሰኞ ይሁን ያሉት ሰው

ጋሽ ገብረንጉስ ራግቢ የሚባለውን ጨዋታ መጀመሪያ ያዩት ቀን ጠብ መስሏቸው ሊገላግሉ ገብተዋል። ይሄን ራሳቸው ናቸው እየሳቁ የሚያወሩት። ሜዳ ጠባቂ ሆነው በተቀጠሩ በሁለተኛው ቀን ነው። ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተቆላልፎ ሲገፋፋ አዩ። አንዱ ከታች ወድቆ ይጮሃል፣ ሃይ ባይ የለም። የኖራ ባልዲያቸውን ጣሉና "በሕግ አምላክ!" እያሉ መሃል ገቡ። ያ ሁሉ ጣልያን ጨዋታውን አቁሞ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቀም፣ ክንዳቸውን ይዞ በአክብሮት ወደ ዳር ሸኛቸው።

ሜዳው ሮም ውስጥ ከቲቡርቲና ጣቢያ አለፍ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ነው። ሣር ያለው ዳር ዳሩን ብቻ ነው፣ መሃሉ ጭቃ ነው። ክለቡም ትልቅ አይደለም። የሮምና የአካባቢዋ ትናንሽ ከተሞች ቡድኖች እርስ በርስ የሚጫወቱበት ሊግ አለ፣ ከሊጎቹ ሁሉ የታችኛው፣ እዚያ ውስጥ ናቸው። ለተጫዋች አይከፈልም። ቧንቧ ሠሪ አለ፣ የአውቶቡስ ሾፌር አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ፣ ሳምንቱን ሠርተው እሑድ እሑድ መጥተው ይፈነካከታሉ። ደመወዝተኛው ጋሽ ገብረንጉስ ብቻ ናቸው። መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ፣ ማሊያ ያጥባሉ፣ የሻወሩን ውሃ ያሞቃሉ። የሚያድሩትም እዚያው፣ ከልብስ መቀየሪያው ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነው።

ሰውየው የአስመራ ልጅ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ማታ ማታ በአማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፣ ጽሕፈታቸው ደግሞ የታተመ ነው የሚመስለው። አስመራ ላይ ተኩስ የበረታ ጊዜ፣ በስድሳ ሰባት ዓ.ም.፣ ድሮ ያሠሩዋቸው የነበሩ አንድ ጣልያን ይዘዋቸው ወጡ። እናታቸው ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ነጭ ሽንኩርት እያስመዘኑ ሳለ አንድ የአገር ሰው ትከሻቸውን መታ አድርጎ፣ እናትህን ነፍስ ይማር፣ መቼም ሰምተሃል አላቸው። አልሰሙም ነበር። ነጭ ሽንኩርቱን ተቀበሉ፣ ከፈሉ፣ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሰው መሃል ቆመው፣ የአውቶቡሱን ብረት ጨብጠው፣ እንዴት እንደሚያለቅሱ ጠፋባቸው። ከዚያ ወዲህ መርዶ መንገድ ላይ እንደ ጋዜጣ አይታደልም ይሉ ነበር። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው እያለ ነው የሚነገረው።

ቡድኑ ውስጥ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረ፣ ማንደፍሮ አምኃ። ለትምህርት መጥቶ፣ ስኮላርሺፑ ተቋርጦበት የቀረ ልጅ ነው። ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ማለት ነው፣ በየሦስት ወሩ ያሳድሳል። ገና ሳይነጋ ሲኞር ኦታቪዮ በሚባል ሰው ዳቦ ቤት ሊጥ ያቦካል። ኦታቪዮ የቡድኑ አሠልጣኝ ነው። ልጁ ሁለት ጆንያ ዱቄት ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ቢያየው ጊዜ፣ አሎራ፣ እንግዲያው አንተ እሑድ ሜዳ ትመጣለህ አለው። እንዲህ ነው የጀመረው።

ከጋሽ ገብረንጉስ ጋር ወዲያው ተላመዱ። እሳቸው እንቁላል የመሰለ ኳስ አቅፈህ ከምትሮጥ ሚስት ብታቅፍ ይሻልህ ነበር ይሉታል። እሱ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ሚስት ብትገኝ ይሄን ጭቃ ታጥባለች? እርስዎን የመሰለ የት ይገኛል ይላቸዋል።

ጣልያኖች ልጁን የሚጠሩት በአባቱ ስም ነበር። ወረቀቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የገባው እሱ ነዋ። አምኃ ማለት ስለሚያቅታቸው "አማ! አማ!" እያሉ ነው የሚጮሁት። አቶ አምኃ አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፣ ጥቅምት ላይ ከቢሯቸው ተወስደው ታስረዋል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ቢያውቅም አይናገርም። ማንደፍሮ አንድ ቀን ጫማውን እያሰረ፣ "አባቴ በዕድሜው ሮጦ አያውቅም ጋሼ። እዚህ ግን በየእሑዱ አስሮጠዋለሁ" አለ።

በሰባ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ በአንዱ ሐሙስ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ ለጋሽ ገብረንጉስ ስልክ ደወሉላቸው። ባላቸው በዓለም አቀፉ የእርሻ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፣ ቤታቸው የሰው ሁሉ መሰብሰቢያ ነው። ሐሙስ ደግሞ በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ከሰዓት በኋላ የሚያርፉበት ቀን ነው። ጋሽ ገብረንጉስ ሲደርሱ ስድስት ሰው ተቀምጧል፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያኑ ካህን አባ ተኽላይም አሉ። ከአገር ቤት በእጅ የመጣ ደብዳቤ ነበረ። ያመጣው ሰው ስሙ ይቅር፣ ወደ አገር ቤት ተመላሽ ነው።

የጻፈችው የማንደፍሮ እናት ናት። ስንቅ ይዛ እስር ቤት ስትሄድ ሰሃኑን መልሰው ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። ሬሳ አልሰጧትም። ቀበሌው ማልቀስ ክልክል ነው ስላለ ጥቁር እንኳን አልለበሰችም፣ ልጆቿን አፍ አፋቸውን ይዛ ነው ያሳደረቻቸው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤ "እናንተ ያላችሁበት አገር ማልቀስ አይከለከልም። አምኃን አልቅሱልኝ። ለልጄም በወጉ ንገሩልኝ፣ ያልቅስለት።"

አባ ተኽላይ እሑድ ንጋት ይሁን አሉ። ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው፣ ልጁ ቤቱ ይገኛል፣ ሴቶቹም ያርፋሉ። ሁሉም ተስማማ። ጋሽ ገብረንጉስ ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሑድ የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ መሆኑን፣ ካሸነፉ ወደ ላይኛው ሊግ እንደሚወጡ፣ ልጁ በዚህ አገር ያገኘው ደስታ ይሄው ብቻ መሆኑን ነገሯቸው። "ይጫወትና ሰኞ ይሁን። አንድ ቀን ነው" አሉ። ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ ለሰኞ ጠዋት ደግሞ ሲኞራቸውን፣ አሠሪያቸውን፣ ሊለምኑ ነው። ግን ትልቅ ሰው ለምኖ እምቢ አይባልም። ሰኞ ንጋት ልጁ ዳቦ ቤት ስለሚሆን ኦታቪዮን መለመን ያስፈልግ ነበር። ጋሽ ገብረንጉስ እሱን ለኔ ተዉት አሉ።

የዚያኑ ቀን አመሻሹ ላይ ልምምድ ነበረ። ማንደፍሮ ማሊያውን ሊወስድ መጣና ያለፈው እሑድ ዳኛ እንዴት ሆዱን ነፍቶ እንደሚሮጥ አስመስሎ አሳያቸው። ሳቁ። መሳቅ ነበረባቸው። ልጁ ሲወጣ በሩን ዘግተው የታጠበውን ማሊያ ሁሉ እንደገና ውሃ ውስጥ ነከሩት።

እሑድ ጠዋት ኦታቪዮ ሜዳውን ሊያይ ቀድሞ መጣ። ጋሽ ገብረንጉስ መስመር ማስመራቸውን አቁመው በጣልያንኛቸው ነገሩት። የልጁ አባት አገር ቤት ሞተዋል፣ ነገ በጠዋት ወገን ተሰብስቦ እናለቅሳለን፣ ከሥራ ፈቃድ ስጠው አሉት። ኦታቪዮ ባርኔጣውን አወለቀ። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ሳምንቱን ሙሉ ይረፍ አለ። ከዚያ፣ ታዲያ ዛሬ ይጫወታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይጫወታል አሉት። "ምን ዓይነት ጎበዝ ልጅ ነው" አለና ዓይኑን ጠረገ።

ያችን ቃል ጋሽ ገብረንጉስ ልብ አላሏትም። ልጁ አያውቅም አላሉትም፣ መባል እንዳለበትም አልታያቸውም። እኛ ዘንድ እኮ የአባቱን ሞት የሰማ ሰው ማሊያ ለብሶ አይሮጥም። ሲሮጥ ካየኸው አልተነገረውም ማለት ነው። ኦታቪዮ ደግሞ አገር ምድሩ አውቆ ልጅየው ብቻ ሳያውቅ ይከርማል ብሎ በሕልሙም አያስብም። ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘው ተለያዩ።

ተጫዋቾቹ ሲመጡ ኦታቪዮ አንድ በአንድ በጆሯቸው ነገራቸው። ከጨዋታው በፊት ሆዱን እንዳታባቡት፣ ምንም አትበሉት፣ ሜዳ ላይ እናከብረዋለን አለ። ማንደፍሮ ሲገባ እየተነሱ አቀፉት። የመጨረሻው ጨዋታ ስለሆነ ነው ብሎ እሱም ጥብቅ አድርጎ አቀፋቸው። ጥቁር የፕላስተር ጥቅል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ሁሉም ክንዱ ላይ ይጠመጥማል። ማንደፍሮ ማነው የሞተው ብሎ የጥርስ ሐኪሙን ጠየቀው። ሐኪሙ ግንባሩን ሳመው። የክለቡ አንድ ሽማግሌ ሞቷል ብሎ ገመተና እሱም ጠመጠመ። ቀኝ ክንዱ ላይ፣ በራሱ እጅ።

ጋሽ ገብረንጉስ ሜዳው ጫፍ ላይ ባንዲራ ይተክሉ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች መሃል ላይ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ሲሰለፉ አዩ። ይሄ በሌላ ጊዜ የለም። ከዚያ በየክንዱ ያለውን ጥቁር አዩ፣ ከዚያ የልጁ ክንድ ላይ አዩት። ሩጫ ጀመሩ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገዋል፣ ጭቃው ይይዛል። እጃቸውን እያወናጨፉ "ቆይ! ቆይ!" ይላሉ፣ በአማርኛ ነው የሚሉት፣ ማን ይስማቸው። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ የቡድኑ አለቃ፣ ካፒቴኑ፣ ከወረቀት አነበበ። ለጓደኛችን ለማንደፍሮ አባት፣ ለሲኞር አምኃ፣ የአንድ ደቂቃ ዝምታ አለ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ሠላሳ ሰው ጭጭ አለ። ዳር የቆመው ሕዝብ ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ ባቡር አለፈ፣ ሌላ ድምፅ የለም። ጋሽ ገብረንጉስ ባሉበት ቆሙ። ጩኸት መኖር ነበረበት። ልጁ ራሱን መሬት እንዳይጥል የሚይዙት እጆች መኖር ነበረባቸው። እጆቹስ ነበሩ፣ ግራና ቀኝ ትከሻውን ይዘዋል፣ ግን ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው የያዙት። ማንደፍሮ አለቃውን አላየም፣ ዳኛውንም አላየም። ዓይኑን አዙሮ የሚያየው እሳቸውን ነበር።

ፊሽካው እንደገና ተነፋና ጨዋታው ተጀመረ። መጀመሪያ የተመታው ኳስ ወደ ልጁ መጣ፣ ያዘው፣ ሮጠ። ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ ተጫወተ። ዳር ያለው ሰው "አማ! አማ!" ይላል፣ ከወትሮው ይበልጥ፣ ልቡን ሊያበረቱለት ብለው። ጋሽ ገብረንጉስ ክፍላቸው ገብተው ጆሯቸውን ይዘው ተቀመጡ። አሥራ ሁለት ለዘጠኝ አሸነፉ።

የዚህ ጨዋታ ልማድ፣ ሲያልቅ የተደባደቡት ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ መብላታቸው ነው። ፓስታ ቀረበ። የተሸነፉት አለቃ፣ በር የሚያክል ሰውዬ፣ ማሊያውን አጣጥፎ ለማንደፍሮ ሰጠው። ግራዚዬ ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ሳይበላ ተነስቶ ወደ ጋሽ ገብረንጉስ ክፍል መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?"

"ከሐሙስ።"

"ማሊያውን ሲሰጡኝ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አብረውኝ ሳቁ እኮ።"

ጋሽ ገብረንጉስ ምንም ሳይደብቁ ነገሩት፣ ሰዎቹ ዛሬ ንጋት ሊነግሩት እንደነበረ፣ ሰኞ ይሁን ብለው የለመኑት ራሳቸው እንደሆኑ፣ ለኦታቪዮም የተናገሩት እሳቸው እንደሆኑ። "እንድትጫወት ብዬ ነው" አሉት።

"ተጫወትኩ" አለ። ማሊያውን አውልቆ ከቆሸሹት ላይ አደረገና ወጣ።

ሰኞ ንጋት ላይ ሰዎቹ እንደተባባሉት መጡ። ጋሽ ገብረንጉስ የሆነውን ነግረዋቸዋል። ቢሆንም የእናቲቱ አደራ ነው አሉ አባ ተኽላይ። ልጁ የሚኖረው ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ክፍል ነው። ሲያንኳኩ ለብሶ ጠበቃቸው። አልጋውን ግድግዳ አስጠግቶ ከጎረቤት ወንበር ለምኖ ደርድሯል። ወይዘሮ ሸዋረጋ እጁን ይዘው አዲስ ነገር እንደሚነግሩ አድርገው ነገሩት፣ እሱም አሁን እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሴቶቹ እሪ አሉ፣ ደረታቸውን መቱ። የታች ቤቱ ጣልያን በመጥረጊያ ጣራውን ደበደበ። ልጁ የሚወድቁትን ይይዛል፣ ውሃ ያቀብላል፣ ዓይኑ ደረቅ ነው።

"አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ" አሉት ወይዘሮ ሸዋረጋ።

"ትናንት ሁሉም ዝም ሲል እኔም ዝም አልኩ። አሁን እምቢ አለኝ" አላቸው።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ጋሽ ገብረንጉስ ከደጁ አልጠፉም፣ ደረጃው ላይ ሆነው የሚመጣውን ሰው ይቀበላሉ። ልጁ ጋሼ ይላቸዋል፣ ይነሳላቸዋል፣ ከአክብሮቱ ቅንጣት አላጎደለም። ሌላ ቃል ግን የለም። ሜዳም አልተመለሰም፣ ስዊድን ለመሄድ ወረቀት ጀምሯል ተባለ።

ደብዳቤውን ያመጣው ሰው በአሥረኛው ቀን ተመላሽ ስለነበረ ለእናቲቱ መልስ መጻፍ ነበረበት። ጽሕፈታቸው ቆንጆ ስለሆነ ወይዘሮ ሸዋረጋ ጋሽ ገብረንጉስን አስጠሩ። ጻፉ። ሃያ ሦስት ሰው መገኘቱን፣ ደረት መመታቱን፣ ጸሎት መደረጉን፣ የማያውቋቸው ጣልያኖች ሳይቀሩ ባርኔጣ አውልቀው መቆማቸውን ጻፉ። ከዚያ ብዕሩን ያዝ አደረጉት።

"ልጇ አምርሮ አለቀሰ ብለው ይጻፉላት" አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ። "እናት ናት። ሌላ ምን ለመነችን?"

ጋሽ ገብረንጉስ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈታቸው እንዲህ ጻፉ፤ "ልጅሽ ገና አላለቀሰም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ገብረንጉስ እባላለሁ።"

ወይዘሮ ሸዋረጋ ሁለት ጊዜ አነበቡት። አልቀደዱትም። አጣጥፈው ፖስታ ውስጥ ከተቱት።