የሐሙስ ዳንቴል

መሪ ኮንዶሚኒየም፣ ልጄ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ዳንቴል መሳይ ፕላስቲክ ነው። ሻይ እስኪቀርብ ጣቶቼ ሳላዛቸው ቋጠሮ መፈለግ ጀመሩ፤ ቋጠሮ ብሎ ነገር የለውም፣ ማሽን የበሳሳው ነው። ልጄ "እማዬ፣ ምን ጠፋብሽ?" ብትለኝ "ምንም" አልኳት። በሐሳብ ግን ያደግሁበት ወሰን ሰፈር፣ ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ ሳሎን ገብቼ ተቀምጬ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ እናቴና ጥቂት ጎረቤቶቿ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጫልቱ ቤት ተሰብስበው በድብቅ ይጸልያሉ፤ ሰው ከጠየቀ "ዳንቴል እንሠራለን" ይባላል። እትዬ ጫልቱ የምርም ባለሙያ ነበሩ። የእሳቸው ዳንቴል በኪሮሽ የሚሠራው ሳይሆን ወለጋ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሳሉ የተማሩት፣ ከቀንድ በተሠራች አውራ ጣት በምታህል መወርወሪያ ክሩ ክር ላይ እየተቋጠረ፣ መጨረሻ ላይ ሲሳብ ተሰብስቦ ቀለበት የሚሆነው ዓይነት ነው። ነገሩ እውነት እንዲመስል ተማሪ ያስፈልጋል ተባለና ገና አራተኛ ክፍል የነበርኩት እኔ ተመረጥኩ።

ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት እያስገባ፣ የእትዬ ጫልቱ መወርወሪያ ቀጭ ቀጭ እያለች፣ እኔ በነጭ ክር ጀምሬ በእጄ እድፍ ጥቁር አደርገው ነበር። "ቀኝሽ ሲወጥር ግራሽ ይላላ፤ ያኔ ቋጠሮው ራሱ ይገለበጣል" ይሉኛል። እኔ ሁለቱንም እጄን ግብግብ እንደገጠመ ሰው ወጥሬ እይዛለሁ፤ ቋጠሮዬ ይቆለፍና ቀለበቴ አልዘጋ ይላል።

አንድ ሐሙስ በጸሎት መሐል በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው የሴቶች ኃላፊ ጓድ አስካለ ነበሩ። በዚሁ በጸሎት ጉዳይ የታሰረች ጎረቤት ነበረችንና የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። ጓድ አስካለ ቤቱን ቃኝተው፣ በእጁ ሥራ የያዘ ሰው ከእኔ በቀር ስላላገኙ፣ "እስቲ አሳዪኝ" ብለው ክሬን ሳቡት። ንቅንቅ አላለም። "ግራዬ አልላላ ብሎኝ ነው!" አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ሴትዮዋ ሳቁ፤ ወንበር ስበውም "እስቲ እኔም ልሞክረው" አሉ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ሆኑ። ሁለት ጀማሪዎች ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ የጓድ አስካለ እጅ ደግሞ መላላትን ጨርሶ አያውቅ፣ እኔን እንኳ ያስንቀኝ ነበር። ሴቶቹ ምን ያድርጉ፤ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ እየቋጠሩ መጸለይ ለመዱ። እናቴ በልቧ ወደ ጸሎት መግባቷን የማውቀው እጇ ሲዘገይ ነበር። ያን ጊዜ ቤቱ እንዴት ደስ ይል ነበር!

አንድ ቀን ጓድ አስካለ አርፍደው መጡ፤ መወርወሪያዋን አነሡና መልሰው አስቀመጧት።

"ልጄን ለውትድርና ወደ ሰሜን ወሰዱብኝ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስትጸልዩ እሱንም በስሙ ጥሩልኝ" ብለው ስሙን ነገሩን።

ለካ ከመጀመሪያውም ያውቁ ኖሯል። እናቴ ተነሥታ አቀፈቻቸው፤ ያን ዕለት ሴቶቹ ድምፅ አውጥተው ጸለዩ።

መንግሥት ሲለወጥ ጓድ አስካለ ሰፈር ለቀቁ፤ ልጁ ይመለስ አይመለስ የሰማ የለም። እትዬ ጫልቱም፣ እነዚያ ሴቶችም አንድ በአንድ አረፉ። ጸሎት ቤታችን ዛሬ የድምፅ ማጉያው እስከ አስፋልቱ ይሰማል፤ ከጎኔ የሚቀመጠውን ሰው ግን አላውቀውም። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ያን ልጅ በስሙ እየጠራች ትጸልይለት ነበር። ከቀብሯ ማግስት እኔ ልቀጥልላት ብዬ ተንበረከክሁ፤ ስሙ ጠፋኝ። የምጠይቀውም ሰው የለም።