ባንቺአየሁ ያወጣችው ደመና

ባንቺአየሁ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርቅ ስትመረምር ኖራለች። ከሥሩ መብራት የበራበት ገበታ ላይ አቡጀዲው ያልፋል። እሷ ቆማ እድፍ፣ የተበጠሰ ክርና የዘይት ጠብታ ትፈልጋለች። ስታገኝ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ታስራለች፣ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ቤቷም ስትገባ ዓይኗ አያርፍም። የእንግዳ ሸሚዝ ላይ የወጥ ነጥብ ካየች የሚያወራው ነገር አይሰማትም።

ባሏ ኪዳነ ወልድ የስልክ ማማ ጠጋኝ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ያገለገለ ካሜራ ገዛና ሰማይ ማንሳት ጀመረ። የከተማው መብራት ሲያስቸግረው ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው ሰባታሚት ሄዶ፣ የዘመድ ማሳ ዳር ካሜራውን ይተክላል። አንድን የሰማይ ቦታ ሁለት መቶ ጊዜ ያነሳል። ኮምፒውተሩ ሁለት መቶውን ይደራርባቸዋል፤ በአንዱ ፎቶ የማይታየው ደብዛዛ ነገር በድምሩ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእጅ ሥራ ነው።

እጁ የባንቺአየሁ ሆነ። አንድ ቀን በትከሻው በኩል አጎንብሳ፣ “እዚህ ጥግ ላይ አቧራ አለ” አለችው። “የለም” አላት። ነበረ። በሳምንቱ የኮምፒውተሩ ማውስ እሷ እጅ ገባ። እሱ ያነሳል፣ እሷ ታጸዳለች። የከተማውን ብርሃን፣ የሳተላይቱን መስመር፣ ከጣና የሚነሳውን ስስ ደመና ከፎቶው ላይ እየለቀመች ታነሳለች። እስካለፈው ጥር ድረስ ያነሱት ጨረቃንና የኮከብ መንጋ ብቻ ነበር፤ ሲጸዳ የሚያምር ነገር።

በጥር የከተማው የሰማይ ወዳጆች ማኅበር ኤግዚቢሽን አሰናዳ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ የግድግዳ ቦታ ተሰጠ። ሰብሳቢው ፍሬ ስብሐት ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ማተሚያ ቤት አለው፤ ፎቶው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰው ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተናገረ። የነባንቺአየሁ ፎቶ ግድግዳ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ተመልሶባቸዋል።

ኪዳነ ወልድ ለዚህ ቀን “ጽጌረዳ” የሚሉትን የሰማይ አካል አነሳ። ዓርብ ግን ዘጌ ያለው የስልክ ማማ ተበላሸና እሱ ሊጠግነው በጀልባ ተላከ። ባንቺአየሁ ስምንት ሰዓት ከፋብሪካ ወጥታ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠች ደወለላት።

“ባንቺ፣ ማማውን ልናጠፋው ነው፣ ቶሎ ስሚኝ። ቀዩን ደመና አየሽው?”

“አየሁት። ሰማዩን ሞልቶታል እኮ!”

“እሱን አውጪው። ቀስ ብለሽ፣ ጫፍ ጫፉ ሳይቀር። ኮከቦቹን እንዳትነኪ!”

“ይኼማ የእኔ ሥራ ነው” አለች። ስልኩ ጠፋ።

ወደ ሥራዋ ገባች። መሐል ላይ የተሰበሰቡት ኮከቦች ጽጌረዳው መሆናቸው አላጠራጠራትም። ዙሪያቸውን የከበበው ቀይ ነገር ቀለም የነካው ጨርቅ ይመስላል። በየቁራጩ እየከለለች፣ እያንዳንዱን ክልል ኮምፒውተሩ ላይ “እድፍ አንድ”፣ “እድፍ ሁለት” እያለች እየመዘገበች፣ ጥቁሩን ሳትነካ ቀዩን አደበዘዘችው። አሥራ አራት እድፍ። ዘጠኝ ከአርባ ላይ ሰማዩ እንደ አዲስ ጥቁር ከፋይ ሆነ። ላከችው።

ፍሬ ስብሐት ወዲያው ደወለ።

“እትዬ ባንቺ፣ እንዲህ የጠራ ሰማይ አይቼ አላውቅም። ዕቃው የታለ?”

“የምን ዕቃ?”

“ጽጌረዳው ነዋ! ቀዩ ደመና።”

“እሱንማ አወጣሁት።”

“ከየት?”

“ከፎቶው!”

ፍሬ ስብሐት ሳቁን መያዝ አቃተው። “እትዬ፣ የተነሳው እኮ እሱ ነው። የኛ ደመና አይደለም፣ የጠፈር ደመና ነው። አውጪው ያለሽ ይታይ ማለቱ ነው።”

“ታዲያ ይታይ አይልም ነበር? የአማርኛ ደሀ!” አለችና ዘጋችው። ሰዓቱን አየች። አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዘጌ ደወለች፤ አይሠራም። አጥፊው ራሱ ባሏ ነው።

ያልተነካው የሁለት መቶው ፎቶ ድርብርብ አለ። ችግሩ፣ ደመናው እጅግ ስስ ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ ብታፈካው ሰማዩም አብሮ ይነጣል። ኪዳነ ወልድ እንኳ ለዚህ ሁለት ቀን ይፈጅበት ነበር። ወዲያው መዝገቧ ትዝ አላት። ደመናው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስታጠፋው ዳር ዳሩን አንድ በአንድ ከልላዋለች። “እድፍ አንድ”ን ባልተነካው ድርብርብ ላይ ከፈተች። ቀድሞ ቁልቁል የጎተተችውን የብርሃን መጠን አሁን ወደ ላይ ገፋችው። በክልሉ ውስጥ ቀዩ ፈካ፤ ከክልሉ ውጪ ያለው ጥቁር እንደነበረ ቀረ። “እድፍ ሁለት”ን ከፈተች።

አሥራ አንደኛው እድፍ ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፤ ባንቺአየሁ ግን ትዕግሥት አልነበራትም፤ የመብራት ሰዎችን ዘር ማንዘር ጠርታ ሰደበች። አሥራ አራተኛውን ጨርሳ፣ በስልኳ ኢንተርኔት ስትልከው ለአሥራ አንድ አራት ደቂቃ ጎድሎ ነበር።

“ገባ” አለ ፍሬ ስብሐት።

ኪዳነ ወልድ በመጨረሻው ጀልባ ተመልሶ፣ የማማ ቀበቶውን እንኳ ሳይፈታ ማተሚያ ቤቱ ደረሰ። ባንቺአየሁ ቀድማው እዚያ ናት። ፎቶው ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ኪዳነ ወልድ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ አጎነበሰ።

“ይኼ በቀዩ መሐል የተሰመረው ጥቁር ገመድ ምንድን ነው?”

“እኔን ትጠይቀኛለህ? አንተ አይደለህ ያነሳኸው።”

“እኔ አላየሁትማ።”

“እኔ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ስለሆነ ነው የተውሁት።”

ፍሬ ስብሐት ከሥር የሚለጠፈውን ካርድ አወጣ። “የማንን ስም ልጻፍ? ለአንድ ሰው ነው ቦታው።”

ኪዳነ ወልድ ቀና ሳይል፣ “ባንቺአየሁ በል” አለ።

ፍሬ ስብሐት መጻፍ ጀመረ። እሷ ከኋላው ቆማ ብዕሩን ትከተላለች።

“‘ሁ’ዋ የሀሌታው ናት፣ የሐመሩ አይደለችም” አለች።