የሰኞ ክኒን

እናቴ መርሳ ውስጥ ሹሩባ ትሠራ ነበር። አረፋ ሲደርስ ከግራና ድረስ የሚመጡ ልጃገረዶች በራችን ላይ ተራ ይይዛሉ። ገና በአርባ ዓመቷ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት እያበጡ አልታጠፍ አሏት፤ የውዱእ ውሃዋን ማንሳት እንኳ አቃታት። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «ብርድ ነው» አለ። ብርድ? መርሳ ላይ? ሰው በላብ በሚታጠብበት ከተማ እናቴን በጋቢ ጠቅልለን፣ መስኮት ዘግተን አስቀመጥናት። በዋግምት ደም የሚያወጣ ሰው ጠርተንም ትከሻዋን አስበጣናት። እኔ አስተማሪው፣ ተምሬያለሁ ባዩ፣ ሳሕኑን ይዤ ደሟን ተቀበልኩ።

በመጨረሻ ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሙ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገ አየና ብርድ እንዳልሆነ፣ የገዛ ሰውነቷ መገጣጠሚያዎቿን እያጠቃ እንደሆነ ነገረን።

«ይሄ እኮ የሽማግሌ በሽታ ነው» አልኩት።

«ወጣትንም ይይዛል» አለኝ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላት፤ እኛ ሰኞን መረጥን። እንዳታቋርጥ አስጠነቀቀን።

ጥቂት ወራት እንደዋጠች እብጠቱ ጎደለ። እናቴ ሹሩባዋን እንደገና ያዘች፤ እኔም ደስ አለኝ። ክኒኑ ሲያልቅ «ደሴ እንሂድ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ድነሻል እኮ እማ። ጤነኛ ሰው ደግሞ መድኃኒት ይውጣል?» አልኳት። እየሳቅሁ ነበር። ጦርነቱ ያኔ ገና ሩቅ ነው፤ የደሴ ሚኒባስ በደጃችን ያልፋል።

ከዚያ ጦርነቱ እኛም ጋ ደረሰ። ወልድያ ተያዘች ሲባል ሰማን፤ ብዙም ሳይቆይ መርሳ ተያዘች። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ የመድኃኒት ቤቶቹ መደርደሪያ ባዶ ቀረ። በሽታው በዚያው ሰሞን ብሶበት ተመለሰ። ጎረቤቶቻችን ሲሸሹ የእናቴ ጉልበት አልዘረጋ ስላላት ከቤት ቀረን። ክኒን የሚሸጥ ሰው አለ ቢሉኝ በእግሬ ሲሪንቃ ድረስ ሄድኩ፤ የተባለውን ሰው የሚያውቀው አልነበረም። ስመለስ «በአላህ ልጄ፣ አንተን ደግሞ አልጣ፤ ቁጭ በል» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ጠዋት ጠዋት ውሃ እያሞቅሁ እጇን እነክርላታለሁ። ጣቶቿ ቀን በቀን ወደ አንድ ጎን ሲጣመሙ እያየሁ የማደርገው ጠፋኝ። ለማልቀስም አፈርኩ።

መንገዱ ሲከፈት ደሴ ተመለስን። ሐኪሙ ሌላ ነበር። «እናቴ፣ መድኃኒቱን ለምን አቋረጡት?» አላት።

አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ። «ጦርነቱ ነው ልጄ። በየት በኩል እንምጣ?»

ሐኪሙ በሐዘን ራሱን ነቅንቆ ወረቀቱ ላይ ያንኑ ጻፈ። ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል፣ የተጣመመው ጣት ግን አይቃናም አለን።

ክኒኑ ያለቀው መንገዱ ሳይዘጋ ነው። እኔ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ዛሬም የድሮ ደንበኞቿ መጥተው ሲጠይቋት «እጄን ጦርነቱ ወሰደው» ትላቸዋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን የምትነክርበትን ውሃ አሞቃለሁ።