ምንይሉ ያልቀመሰው ወይን

ምንይሉን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እጁ ነው። ከእንግዶች ጠረጴዛ የተመለሰውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ያደርግና የቀረውን በጣቱ ይለካል። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። ከዚያ እርሳሱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

ኮምቦልቻ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ እሱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። ቤቱ ደሴ፣ ሆጤ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ይመጣል። የወንጌል አማኝ ስለሆነ በዕድሜው መጠጥ የሚባል አልቀመሰም። ግን ስለ ፈረንሳይ ቀይ ወይን በዚያ ቤት እንደሱ የሚያውቅ አልነበረም።

«እትዬ አትጠገብ፣ የዛሬው ብርጭቆ እንዴት ተመለሰ?» ይለኛል።

«ደርቆ» እለዋለሁ። ወይም «ግማሹን ቱቦው ጠጣው።»

እንግዶቹ ምን በልተው እንደጠጡም ይጠይቅና ይጽፋል። በጦርነቱ ጊዜ ሆቴሉ ሲዘረፍ ያ ደብተርም አብሮ ሄደ። ሌላ አልጀመረም። የተጻፈው ሁሉ በቃሉ ቀረ።

አምና ጥር ላይ የሆቴሉ ባለቤት አቶ ደምለው የአርባ ሰው የምሳ ግብዣ ተቀበሉ፤ አዲስ ፋብሪካ የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው። ወይኑ የፈረንሳይ ቀይ ይሁን ተባለ። ከአዲስ አበባ ነጋዴው ሁለት ናሙና ጠርሙስና አንድ ወረቀት ላከ። ወረቀቱ ላይ አንደኛው፣ ቦርዶ የሚሉት፣ ዘጠና ሁለት ነጥብ አግኝቷል ይላል። ኮት ዱ ሮን የሚባለው በግማሽ ዋጋ ነው፤ ነጥብ የለውም።

«ዘጠና ሁለት ከመቶ!» አሉ አቶ ደምለው ወጥ ቤቱ መሃል ቆመው። «ከልጆቼ አንዳቸውም ይህን ይዘው ገብተው አያውቁም። እሱን እዘዝ።»

ምንይሉ ዘይትም ሆነ ቲማቲም ድልህ ሲረከብ ቀድሞ የሚያየው የተመረተበትን ዓመት ነው። ወረቀቱን ከጠርሙሱ ጋር አስተያየ።

«ጋሼ፣ ነጥቡ የተሰጠው በፈረንጅ ለሁለት ሺህ አሥራ አምስቱ ነው። ይሄ የአሥራ ሰባቱ ነው። የታላቅየውን ውጤት ለታናሽየው እንዴት እንሰጣለን?»

«አንድ ቤት የተጠመቀ አይደለም እንዴ?»

«ይሁን። ነጥብ የሰጠው ሰውዬስ ከምን ጋር ጠጥቶት ነው? የእኛ ምሳ ዶሮ ወጥ ነው። እንግዶች ምላስ ይይዛል የሚሉት እንዲህ ያለው ወይን በርበሬ ሲያገኘው ይመራል፣ ተትቶ ይመለሳል። ኮት ዱ ሮኑ ግን ሁልጊዜ ደርቆ ነው የሚመጣ።»

«ቀምሰኸዋል?»

ወጥ የምትሠራው ጣይባ ማማሰያዋን ይዛ ሳቀች። «ወላሂ፣ እኔና እሱ ካልጠፋ ሰው ወይን እንመርጣለን!»

ምንይሉ ግን አልሳቀም። ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ኮት ዱ ሮኑ ተትቶ ከተመለሰ ለሌላ ሰው ይስጡት።»

ክው አልኩ። ልጁ አቢጌል ዩኒቨርሲቲ የምትማረው በዚያች ቁልፍ ነው። አቶ ደምለው ደግሞ አነሱና ኪሳቸው ከተቷት። ኮት ዱ ሮኑ ታዘዘ፤ ለክብር ጠረጴዛው ብቻ አራት ቦርዶ ይምጣ አሉ።

የግብዣው ዕለት ምንይሉ አዳራሹን አላየም፤ ማጠቢያዬ አጠገብ ቆሞ ቀረ። የመጀመሪያው ትሪ ሲመጣ «እትዬ?» አለኝ።

«ቆይ።»

ዓይኔ ደክሟልና ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አነሳሁ። ግርጌያቸው ላይ ቀጭን ቀይ ክብ ብቻ ነበር። ሁለተኛውም ትሪ፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ የክብር ጠረጴዛው መጣ፤ ግማሽ፣ ግማሽ፣ አንዱ እንዲያውም ጨርሶ ያልተነካ። አንዱን የቦርዶ ጠርሙስ ምንይሉ በጣቱ ለካው። አራት ጣት ቀርቶታል።

አቶ ደምለው ወደ ወጥ ቤቱ ገብተው የተደረደረውን አዩ። ቁልፉን አውጥተው ከፎጣዬ አጠገብ አስቀመጡት።

«የክብር እንግዶቹ ከጎናቸው ጠረጴዛ ኮት ዱ ሮኑን እያስቀዱ ጠጡ» አሉ። አንዱን ባዶ ብርጭቆ አንስተው፣ «ለመሆኑ ጣዕሙ ምን ምን ይላል?»

«እኔማ ምን አውቄ፣ ጋሼ። እትዬን ይጠይቋቸው።»

«ምን ተርፎልኝ!» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነው ምንይሉ የሳቀው። ቁልፉን ወገቡ ላይ አሰረና ከባዶ ካርቶን ክዳን ገንጥሎ እርሳሱን ኪሱ ውስጥ ይፈልግ ጀመር።